የደፉ ወተት

ያኔ እኔ ላም አላቢ፣ የጓዳ ሰው ነበርኩ፣
ከነሙናስ ወንዝ ዳር፣ በመስፍን ግቢ ያደግኩ።
በአገራችን ልማድ፣ ከየቤቱ ደፍ ሥር
አንድ እባብ አይጠፋም፣ ቤት ጠብቆ የሚያድር።
ወተቱን በጽዋ ማልጄ አኖራለሁ፣
በምላሱ ሲልስ ቆሜ አደምጣለሁ።
ከጠጣ ሰላም ነው፤ ከተወው ሞት አለ፤
የእናቴ ሃይማኖት ይህን ያህል አከለ።

እመቤት ኤይቪልቴ ሙሽራ ሆና ስትገባ
የሟች ሚስት ሕፃን ጠበቃት፣ ቡትጌይድ፣ ፊቱ እንባ በእንባ።
ገና ጡቷ ወተት ሳያውቅ፣ የባሕር ሙጫ ጌጧን ሳትፈታ፣
ከእባቡ ጽዋ ላይ ጣቷን ነክራ በእርጋታ
አጠባችው።
ዐይኔ አይቷል።

ኋላ የሆዷን ፍሬ፣ ቪስማንትን ወለደች፤
ሁለቱን ባንድ የድብ ቆዳ ጠቅልላ አሳደገች።

ከዚያ ሂልዴማር መጣ፣ መነኩሴ፣ ባዶ እግሩን፤
«ሰም ትሸጣላችሁ?» አለ፣ አይቶ የንብ ዱሩን።
ሰማችንን ጭኖ ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን
ሰም የወሰደው ሰውዬ ስም ይዞ መጣልን።

በር ዘግተው ያወሩትን ከቶ አልሰማሁትም፤
«ዘውድ አምሯት ነው» ይሉ ነበር፤ እኔ ግን አላልኩም።
ሌሊት ከድንጋይ ላይ ስትነሣ ከጸሎት
ጉልበቷን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ደም ሲለብስ፣ በሙቅ ውሃ፣ በጨለማ ቤት።

በጥር ወንዙ ጠጠረ፤ በመጥረቢያ ቀደዱት፤
እንደ መቃብር አፍ ጥቁር ውሃ አገኙት።
ኤይቪልቴ ገባች።
ኡርሱላ ወጣች።
ጸጉሯ በውርጩ ደርቆ እንደ ቃጭል ሲንጫጫ፣
ባሏ፣ መስፍን ስኪርማንት፣ ያይ ነበር ከዳር ብቻ።

መስፍኑ ሳንባው ታሞ መተኛት ሲጀምር
ደብዳቤ ደረሰ ከጳጳሱ መንበር፦
«ዘውዱ የሚደፋው ለተጠመቀ ነው፤
ያልተጠመቀ ወራሽ ለእኛ እንዳልተወለደ ነው።»
ሕመምተኛው ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
ምርጫው ከሷ ላይ ቀረ።

ሦስት ጊዜ ለመነችው ቡትጌይድን፣ ታላቁን፤
በሦስተኛው ወድቃ ጨብጣ ጫማውን።
«ያያቶቼን እሳት በውሃ አላጠፋም።
እናቴ ኤይቪልቴ ናት፤ ኡርሱላን አላውቃትም።»
ይህን ብሎ ወጣ። ዱር ገባ። ፈረሱን እንኳ አልወሰደም።

ቪስማንት ነገሠ፣ ገና በአሥራ ሦስቱ፤
ዘውዱ ሰፍቶት ወርዶ ጆሮው ላይ መቅረቱ
ለሳቅ ይዳርግ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይስቃል?
እናቱ በስተቀኝ ቆማለች፤ እጇ ዘውዱን ይደግፋል።

የባሉጡ ዛፍ ወደቀ፤ እሳቱም ተዳፈነ፤
ከየደፉ ሥር እባቡ በዱላ ታደነ።
እሷ ግን ጠራችኝ፤ «ወተቱን እንዳትተዪ።»
«እመቤቴ፣ ሞቷል እኮ።»
«አውቃለሁ። አኑሪና ዞር በዪ።»

አኖርኩ። ሲነጋ ጽዋው ባዶ፣ የተላሰ።
በረዶው ላይ ግን ዱካ፣ ከዱር እስከ ደፉ የደረሰ፣
የወንድ ጫማ፣ ሰፊ፣ ግራው የተንሻፈፈ።
መጥረጊያ አነሣሁ። ማንም ሳይነቃ ዱካው ከሜዳው ተገፈፈ።

ለሂልዴማር ተናዘዝኩ የቅቤ ስርቆቴን፣
የምላሴን፣ የዐይኔን፤ ዝም ያልኩት መጥረጊያዬን።

አራት ዓመት እንዲሁ።
በአምስተኛው፣ አንድ ማለዳ፣ ጽዋው እስከ አፉ ሞልቶ፣
ወተቱ ነጭ ድንጋይ ሆኖ፣ የሚነካው ሰው አጥቶ።
ወሰድኩላት። የንጉሥ እናት አልጮኸችም፤
«ከጠጣ…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችም።
ጽዋውን ጡቷ ላይ አስጠግታ፣ በካባዋ ሸፍና
ተቀመጠች፣
እስኪቀልጥ።