አንድ እግር ጫማ

ቀን ቴምብር ለጥፋ በዊክ ፖስታ ቤት፣
ማታ ጦር ታዘምታለች ከምድጃዋ ፊት፤
ኤልስፔት ስዋንሰን።

ለሰዎቿ ስም ስትሻ መቃብር ትወርዳለች፣
የድንጋይ ሽበት በሻይ ማንኪያ እየፋቀች ታነባለች፤
ሙታኑም አልተቀየሙ፣
ሁለት መቶ ዓመት ተኝተው በእሷ ቀለም ቆሙ።

አሥራ አንድ መጽሐፍ ጻፈች። በአሥራ ሁለተኛው ላይ
ጦሩ ተፈታ፤ ረግረግ፣ ጭጋግ፣ ዝቅ ያለ ሰማይ፤
አንዱ ወታደር ሸሽቶ፣ ከካብ ሥር ተደብቆ፣
ውሃውን ሊያንጠፈጥፍ አንድ ጫማውን አውልቆ፣

እዚህ ላይ ብዕሯ ቆመ።

በመጋቢት ቀበርናት፤ ነፋሱ የቄሱን ባርኔጣ ወሰደ።

ፖስተኛው ቱሎክ ግን፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣
ደጁን ከፍቶ ያማትራል ወደ ረግረጉ ምድር፦
«ያ ልጅ ዛሬም አንድ እግሩ ባዶ ነው» ይላል፤
«ማን ያጠልቅለታል?»