ሁለት ሰው የቀረው

ሌሊቱን በሙሉ የሰው ደም ስቆጥር፣
አንድ ዓይኔን ለጥፌ ከማይክሮስኮፕ ጋር፣
ነጋ።

ጓንቴን አወለቅሁኝ፤ ተረኛዋ ገባች።
«የአልጋ ዐሥራ ሁለት…» ስል መዝገብ ገለጠች፤
ቀና እንኳን ሳትል፣ «ዘጠኝ ሰዓት ሞተች»
አለችኝ።

ውጤቱን አጠፍኩት፣ ከኪሴ ከተትኩት።
ቁጥሩ እንኳን ልክ ነው፤ ሦስት ጊዜ አየሁት።
ልክ የሆነ ነገር፣ የሚረከብ ሲያጣ፣
ስሙ ምን ይባላል? እውቀት ወይስ ጣጣ?

ከጥቁር አንበሳ ቁልቁል በእግሬ ስወርድ
ረዳቱ በመስኮት ይጣራል ከመንገድ፦
«ሜክሲኮ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ነው የቀረው!»
እዚህ ከተማ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው የሚጎድለው፤
ሞልቶ ተጣቦ እንኳን፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣
ሁለት ሰው ይጠራል «ጠጋ ጠጋ» ብሎ።

ፖስታ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ከአሮጌ ጃንጥላ ሥር፣
ጋሽ አብተው ጎንበስ ብሎ ሰዓት ሲመረምር
አገኘሁት።
ፒያሳ የነበረው ሱቁ የፈረሰ ለት
ተሸክሞ የወጣው አንድ ሣጥን መስታወት፣
አንድ በርጩማ፣ አንድ የዓይን ማጉያ፤
የተረፈው ሁሉ አቧራ ሆኖ ቀረ እዚያ።

እሱም እንጀራው ነው አንድ ዓይን መጨፈን፤
እኔም እንጀራዬ። ሙያ አገናኘን።
(ዓይን መጨፈንማ ሙያ ከተባለ
ከላይ እስከ ታች ድረስ ስንት ባለሙያ አለ!)

ሣጥኑ ውስጥ ሠላሳ አራት ሰዓት አለ፣
ባለቤቱ «ነገ እወስዳለሁ» እንዳለ
ያልተመለሰበት። ክር ታስሮባቸው፣
በክሩ ጫፍ ወረቀት፣ በወረቀቱ ስማቸው፦
ወይዘሮ ትርንጎ። ሻምበል ወርዶፋ።
«የጫማ ሱቁ ልጅ» (ስሙ የጠፋ)።
አንዱ ሁለት ሰዓት፣ አንዱ ሦስት ተኩል፤
አንዱ በፈረንጅ፣ «ዘጠኝ ሊሆን» ይላል።
ሁሉንም ጧት ጧት በጣቱ ይሞላል።

«ለምን ትደክማለህ? ላይመጡ» ስለው
«ዘይቱ ይደርቃል» ነበር መልሱ ያለው።
ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ሌላውን ሲያነሳ፣
«ቢመጡስ?»

ከዚያ፣
«በዚያ መሣሪያሽ፣ ሁሉን በሚያጎላ፣
ነፍስን አይተሻታል?»
«አላየሁም፣ ጋሼ። ያየሁት ሌላ፦
አንዲት ነጭ ሕዋስ፣ ስም እንኳን የሌላት፣
ብቻዋን ስትገጥም የመጣውን ጠላት፣
ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳያያት።
ስትሞት እድርተኛ ድንኳን አይተክልላት።»

ሳቀ።
«እኔም ሃምሳ ዓመት ሰዓት ስፈታታ
ጥርስ አየሁ፣ ሞላ አየሁ፣ ብሎን ጧትና ማታ፤
ጊዜን ግን አንድ ቀን አላገኘሁበት።
የለም ብዬ ደግሞ አልናገር በድፍረት፤
ይኸው አርጅቻለሁ።»

እኔ ከጸለይኩኝ ስንት ዓመት አለፈኝ፤
በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት ውዳሴ ግማሹ ጠፋብኝ።
ግን ዓይኔን ወደ መስታወቱ ከማስጠጋቴ በፊት
ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ለአንዲት ቅጽበት።
ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም።

«የማን ነው ወረቀት?» አለኝ ኪሴን አይቶ።
«የአልጋ ዐሥራ ሁለት።»
«ስሟን ነው» አለኝ፣ ማጉያውን ከዓይኑ አንስቶ።

ዘረጋሁት። ሌሊቱን ሦስቴ ያየሁት ወረቀት፣
ቁጥሯን እንጂ ስሟን ያላነበብኩበት፦
ንጋቷ።
የአባቷ ስም ደብዝዟል።

እሱ ሲሞላ ሠላሳ አራተኛውን
እኔ ጮክ ብዬ ጠራሁኝ ስሟን፤
አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አየኝ።

«ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል ሌላ ረዳት።
ገባሁ። አጠገቤ አንድ ቦታ አለ፣ ማንም ያልመጣበት።
በሩ ተዘጋ።
አንድ ሰው እንደጎደለ፣ ታክሲው ተነሣ።