የውሰት ስም

ነሐሴ፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ፣
ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ ይንጎራደዳል እንደ ቤቱ።
አቶ ዳንጊሶ መጡ፤ አሮጌ ላፕቶፕ በፌስታል፣
ቻርጀሩ በላስቲክ ታስሯል፣ ማጠፊያው ተሰብሯል።

ሐይቁ ሞልቶ ዳሩን በላ፣
መስመሩ ይታረም አሉ፤ ጠፋ የሚያውቀው ሌላ።
ጡረታ የወጡትን ቀያሽ ለሦስት ወር ኮንትራት ጠሩ፣
በጀቱ ደመወዝ እንጂ ኮምፒውተር የለውም በሥሩ።

እኔ ነኝ የኔትወርኩ ሰው። ገመዱን ሰካሁላቸው፣
አረንጓዴው መብራት በራ፤ «አየህ፣ ገባሁ!» አሉ ደስ ብሏቸው።
ገመድ መሰካትና ቤት መግባት ለየቅል ናቸው፣
እንዴት ብዬ ላስረዳቸው?

«ዳኤ ቡሹ» ብዬ ነበር ስቀበላቸው፤ ሰርቨር ግን አያውቅም ሰላምታ፣
«ማን ነህ?» ነው የሚለው፣ አንተ እያለ፣ ለሽማግሌም ለጌታ።
ስማቸውን ጻፉ፣
በሁለት ጣት፣ በዝግታ፣ አንድም ፊደል ሳያልፉ።
የይለፍ ቃሉንም፣ የድሮውን፤ አልረሱትም።
«መዳረሻ ተከልክሏል።» ደገሙ። አሁንም።

ዶሜይን የሚሉት ይህ ነው፦ እንደ ዕድር መዝገብ ያለ፣
ስሙ ያለ ድንኳን ያገኛል፤ ስሙ የሌለ ደጅ ዋለ።
ወንበሩ አይጠፋም፣ ድስቱም ሞልቷል፣
ጸሐፊው ግን መነጽሩን አድርጎ «አባል ነህ ወይ?» ይላል።

የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኔ ሠላሳ፣
ከሰው ኃይል ወረቀት መጣ፤ ሰረዝኩ፤ ወጣሁ ለምሳ።

በራሴ ማሽን ከፈትኩት «ካርታ» የሚለውን ፎልደር፣
አርባ ሺህ ፋይል፣ ከታቦር ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር።
ባለቤቱ ማን ይሆን ብዬ ቀኝ ጠቅ አድርጌ ሳይ፣
«ያልታወቀ መለያ» አለኝ፤ ከዚያ ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ቁጥር፣ እንደ ባጃጅ ሰልፍ መናኸሪያ ላይ።
ያ ቁጥር እሳቸው ናቸው። ስም ሲሰረዝ የሚቀር፣
የተነሣ ሰው ስፖንጁ ላይ እንደሚተወው ስርጉድ ነገር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን መስመር እኔ ነኝ የሳልኩት፣
ቦት ጫማዬን ደንገል ውስጥ ጥዬ፣ እስከ ጭኔ ገብቼ የለካሁት።
አሁን ለማየት ብቻ ነው፤ ደግሞ አንድ ሉህ ለማተም።»
አታሚው ከጀርባቸው ነበር፤ ሁለት እርምጃ አይሆንም።

ደንቡን አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦
«ከውጭ የመጣ ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ ይመጣል።»
አዲስ ስም እንዲከፈት ጠየቅሁ፤ ክልል ያጽድቀው ተባለ፤
ሦስት ወር ይፈጃል፤ ኮንትራታቸውም ከሦስት ወር አልዘለለ።

ስለዚህ ስሜን አዋስኳቸው።

የቤቱን ስም፣ ጋደል ያለ ጭረት፣ ከዚያ የኔን ስም ጻፍኩ፤
«አስታውስ» የሚለው ሣጥን ላይ፣ ትንሽ አሰብኩና፣ ጠቅ አደረግኩ።
ፎልደሩ ተከፈተ። ምንም አላሉም። መነጽራቸውን ጠረጉ፣
ከሐይቁ ዳር አንዲት ነጥብ በጣታቸው ፈለጉ።
«ይቺ ዋርካ ነበረች» አሉ። «ውኃ ውስጥ ናት ዘንድሮ፤
ጫፏ ላይ ጀልባ ይታሰራል፣ ከካቻምና ክረምት ጀምሮ።»

አታሚው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሉሁ ወጣ እየሞቀ፣
ከግርጌው የኔ ስም፣
ሐይቅ ጭቃ ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ አንድ ቀን ያልጠለቀ።

መዝገቡ አሁን እንዲህ ይላል፦ ከጠዋት እስከ ማታ እኔ፣
ውኃ ስለካ ከርሜያለሁ፣ ወሰን ሳርም በገዛ ዓይኔ።
ኦዲት ቢመጣ አንድ ቀን፣ ማን ነካው ቢሉ ድንበሩን፣
እኔ ነኝ ልል ነው፤ ምኑን አውቄው፣ ምኑን?

ኅዳር ላይ ኮንትራቱ አለቀ። ላፕቶፑን ፌስታል ውስጥ ከተቱ፣
ገመዴን በክር አስረው መለሱ፤ ባጃጅ ጠርተው ወጡ በሰዓቱ።
የይለፍ ቃል ይቀየር፣ ደንቡ እንደዚያ ይላል፤
አቶቴ ውስጥ ግን አንድ ማሽን ስሜን ያስታውሳል።

ነገ እቀይራለሁ።
አባ ኮዳው ቆርቆሮው ላይ ነው፤ እርምጃውን እሰማለሁ።