የብርቱካን ስም

ሰኞና ሐሙስ ማለዳ
ከቤር ሼቫ አውቶቡስ ወርጄ፣ በኔቫቲም አቧራ ሜዳ
እሄዳለሁ ወደ ሲማ፣ ወደ ኮቺን ባልቴት፣
እግሯን አሽቼ፣ ኪኒኗን ቆጥሬ፣ ፀሐይ ላወጣት ከቤት።

ሰማዩን የጦር አውሮፕላን እንደ አቡጀዲ ሲተረትረው
እሷ ጆሮዋ ደክሟል፤ ማዕበሉን ነው የምትቆጥረው።
በዚህ ምድረ በዳ፣ ውሃ በጠብታ በሚለካበት፣
መርከብ ታስገባለች፣ መርከብ ታስወጣለች፣ ሳትነሳ ከተቀመጠችበት።

«ጃናላውን ክፈቺው» ትለኛለች፤ መስኮቱን ማለቷ ነው።
ቁልፉ ቻቪ፣ ጠረጴዛው ሜሻ።
«የአያቶችሽ ቋንቋ ነው?» ብላት፣ ሳቋ አጣ መጨረሻ።
«የነሱ ነው እንጂ፤ የፖርቱጋሎቹ፤
ምኩራባችንን አቃጥለው፣ የመስኮት ስም ትተው ሄዱ ሰዎቹ።»

«ምን ፈልገው መጡ?»
«ቁንዶ በርበሬ!» አለችና ባዶ ጣቶቿን አሻሸች፤
«ለዚች ጥቁር ፍሬ ስንት ከተማ አመድ ለበሰች!
ክራንጋኖር ስትፈርስ፣ የእኛ ሰዎች በሌሊት ሸሽተው
ኮቺን ገቡ በጀልባ፣ ኦሪቱን በሰሌን ጠቅልለው።
ንጉሡ፣ ጣዖት አምላኪው፣ ከግንቡ ሥር መሬት ቆርሶ ሰጠን፤
የእሱ ደወል፣ የእኛ መዝሙር፣ አንድ ግድግዳ እያገናኘን።»

እኔ ዝም።
ወለቃ ሳለን፣ ያረጀ ድልድይ ባዩ ቁጥር «ፖርቱጋል የሠራው» ሲሉ፣
አባቴ፣ የግንበኛ ዘር፣ እጁን ያይ ነበር፤
ኖራ የበላውን መዳፉን፣ ጣቶቹን በሙሉ።

ዛሬ ከጓሮው ቀጥፌ፣ ልጣጩ ሳይበጠስ ስልጥላት
«ይህ በእናንተ ምን ይባላል?» አለች። «ብርቱካን» አልኳት።
ከንፈሯ ላይ አዟዟረችው፤ ቃሉን እንደ ከረሜላ መጠጠችና፣
«ብርቱ… ፖርቱ… ፖርቱጋል!» ጭኗን በመዳፏ መታችና
«እዚያም ገቡ? በምን በር?» አለች።

እኔ እንጃ። ዐረብ ነው ይባላል ከወደብ ወደብ ያሻገረው፤
ፍሬው ተበልቶ፣ ስሙ ነው ደጋ ወጥቶ የቀረው።

አልነገርኳትም ብርቱካን የእኔም ስም እንደነበረ፣
ሎድ ላይ አንዲት ጸሐፊ «ኦርና» ብላ ስትጽፈኝ፣ ከመዝገብ ውጭ እንደቀረ።
አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መርከብ አልተሳፈርኩም፤
በእናቴ አፍ ግን የመርከበኛ አገር ተብዬ
ስጠራ ኖሬአለሁ፤ አላወቅኩም።

ግማሹን አጎረስኳት። ጭማቂው በአገጯ ወረደ።
አውሮፕላኑ ተመለሰ፤ ብርጭቆው ሜሻው ላይ ራደ።
«ሞሌ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣
«ነፋስ ሸተተኝ፤ የባሕር ነው።»

የጎረቤት ዶሮ ቤት ነበር የሚሸተው።
ጃናላውን ከፈትኩት።