ግማሽ ጎማ

ሙሄ ጌም ቤት ገባን፣ በር ዘግቶ ሊያሳድር፣
ሌሊቱን በሙሉ በመቶ ሃምሳ ብር።
ደሴ ጉም ለብሳለች፣ ጦሳ አይታይም፤
«ዛሬስ» አለ ሙሄ፣ «መብራቱ አይሄድም።»
ሃያ አራት ሰዓት ነው ውድድሩ፣ ረጅም፤
በጌሙ ቀንና ሌት፣ ለእኛ አንድ ጨለማ፣ አንድ ዝናብ፣ አንድም
ብርድ ልብስ ለሦስት።

ጦይብ ቀዩን ያዘ፣ ስምንት መቶ ፈረስ፣
ገና ከመነሻው ጎማ የሚጨርስ።
ደምሌ ብርማውን፣ ከኋላ ክንፍ ያለው፤
«ባይፈጥንም ያምራል» አለ፣ እሱ ምን ቸገረው።
እኔ ዝርዝሩን ወረድሁ፣ ወረድሁ፣ ወረድሁ፣
ማንም ከማይነካው፣ ከታች አንድ አገኘሁ፤
ቀለሙ የሽሮ፣ ጉልበቱም ግማሽ፣
ጎማ የማይበላ፣ ማርሹም የማይሸሽ።
ሳቁብኝ። ይሳቁ። ሌሊት የሚያነጋ
ጉልበት አይደለማ፤ ሲርበው የማይዋጋ ነው።

አባቴ ይመር ነው፣ ኤንትሬ የነዳ፣
ባቲን፣ ሚሌን አልፎ እስከ ባሕሩ ሜዳ፤
ሐረጎን ሲወጣ ተሳቢ አስከትሎ፣
«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚል፣ ምሎ።
አሁን ዓይኑ ሞራ፣ መኪናው የሌላ፤
ቁልፉ ብቻ ቀርቷል ከበራችን ኋላ፣
ሚስማር ላይ።

ማስተካከያው ገባሁ። ሞላውን አላላሁ፣
ጠርዝ ሲረግጥ እንዳይዘል። ፍሬኑንም ገፋሁ
ሁለት ነጥብ ወደ ፊት። የመጨረሻው ማርሽ
ይርዘም፣ ሞተሩ ይተንፍስ፣ አይንኮሻኮሽ።
ነዳጅ እስከ አፉ? አይሆንም፤ ጎማ ነው ዕዳውን የሚከፍል፤
ሦስት ሩብ ቀዳሁለት፣ እንሞላለን ሲጎድል።
«መኪና ነው» አለ ጦይብ፣ «ወይስ የድርቆሽ ጭነት?»
መልስ አልሰጠሁትም።

መጀመሪያው ዙር ላይ ጭራ ነበርሁ፣ ጭራ።
ጦይብ ከዓይን ጠፋ፣ ጎማው እያጓራ።
ስድስተኛው ዙር ላይ ገባ፣ ጎማ ሊቀይር፤
አሥራ ሁለተኛው ላይም፤ እኔ ዝም ብዬ ዙር ስቆጥር፣
ደምሌ ክንፉን ግድግዳ ላይ ትቶት ሲመጣ፣
ለቁንጅናው እያዘነ፣ በራሱ ሲቆጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፤
ሙሄ ድምፅ ቀነሰ። የአባቴ ከዘራ ነው ለካ።
ሊቆጣ ነው የመጣው። ጋቢው ውሃ ያፈሳል።
«ውጣ!» ሊል አፉን ከፍቶ፣ ስክሪኑን ያያል።
«ጭነቱ ምንድን ነው?»
«ጭነት የለውም፣ አባ።»
«ባዶውን ነው የሚዞር? ማን ሊከፍለው?»
ደምሌ ሳቁን ሊውጥ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባ።

ተቀመጠ። ተጠጋ። አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ።
ጆይስቲኩን ሰጠሁት፤ መዳፉ ሰፊ ነው ለካ፣
ውስጡ ጠፋ።
ኩርባው ሲቃረብ፣ «ጥሩንባው የቱ ነው?»
የለውም ስለው ገረመው፤
በአፉ ነፋ።
ከኋላ የመጣውን ሁሉ አሳለፈ፣ «እለፍ ወንድሜ» እያለ፤
ሁለት ቦታ አስጣለኝ፣ ግን ጎማው እንዳለ፣
ነዳጁም እንዳለ።
«ኩርባ ላይ አይቀደምም» አለኝ ሲመልስልኝ፣
እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያላየሁ መሰልሁኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት። ሁለተኛ ነኝ። ጦይብ እንደገና ገብቷል፣
ለአምስተኛ ጎማ። ከፊቴ መንገዱ ባዶውን ተዘርግቷል።
አንድ ኩርባ፣ አንድ ቁልቁለት፣ ከዚያ በኋላ አንደኛ —

ድው።

ጨለማ።

ሙሄ ጠፍቶ ያልጠፋውን ሁሉ ረገመ።
ጦይብ «እኔ ነበርሁ መሪ» ብሎ ቆመ፤
ማንም አላየውም።
ከሸዋ በር አዛን መጣ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ አባራ።
አባቴ በዳሰሳ ሲፈልግ ከዘራ፣

«ጎማው ስንት ቀርቶ ነበር?»
«ግማሽ።»
«ነዳጁስ?»
«ለአምስት ዙር።»
ጋቢውን ሲጨምቅ ሰማሁ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በዚያች ጠባብ ቤት ሲያነሳ፣

«እንግዲያ ደርሰሃል» አለኝ። «ተነሳ።»