ይህ መሣሪያ አይታመንም

ሦስት ዓመት ሞላውና፣ ስልኬ አረጀ ተባለ፤
እኔ እንኳ አላልሁም፣ የሠራው ድርጅት ነው ያለ፤
«ለዚህ ዓይነት ከእንግዲህ ማሻሻያ የለም» ሲል
በአንድ መስመር አሰናበተኝ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይል።

በፓኦቴሬ ወደብ መንገድ፣ በማካሳር የቀትር ፀሐይ፣
ከሞተሬ እጀታ ታስሮ እንደ ከሰል ይግላል።
ተሳፋሪ «ነይ» ሲለኝ ሦስት ሰከንድ ያስባል፤
በሦስት ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሞተር ይወስዳል።

ያልጠራኋቸው እንግዶች ሆዱን ሞልተው ተቀምጠዋል፦
አንድ የከረሜላ ጨዋታ፣ አንድ የጫማ ገበያ፣
የማላውቀውን ከተማ ዝናብ የሚተነብይልኝ አንድ ሟርተኛ።
ጥፉ ብላቸው አይጠፉም።
በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ቤት
ደባሏ እኔ ነኝ እንዴ?

የአክስቴ ልጅ ባሶ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ
በጃንጥላ ስፋት ሱቅ የሞቱ ስልኮች ሰብስቦ የሚኖረው፣
አገላብጦ አየው፤ ከንፈሩን መጠጠ።
«ቁልፉ ይሰበራል» አለኝ። «ግን ተንሪ፣ ስሚኝ፦
ሲሰበር በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ዋስትናውም።
እጄ ከሳተ፣ መብራት ከሄደ፣ ጡብ ይሆናል፤
ቤት የማይሠራበት ጡብ።»

ድርጅቱም ቁልፍ ለሚጠይቀው ሰባት ቀን ይቀጥራል፣
እንደ ፍቺ አቤቱታ፤
ምናልባት ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብሎ።
አልለወጥሁም።

በሰባተኛው ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ገመዱ ተሰካ። መስታወቱ ጠቆረ። ነጫጭ ፊደላት
እንደ ጉንዳን ሰልፍ ከላይ ወደ ታች ወረዱ።
አምፖሉ አንዴ ሲርገበገብ ባሶ ትንፋሹን ዋጠ፤
እኔም መጨረሻውን የማላውቀው ጸሎት ጀመርሁ።
ከዚያ ነጋ፣
በዚያች መዳፍ በምታህል መስኮት።

ሥሩን ያዝሁትና በሥሬ ዋለልኝ፤
ደባሎቹ አንድ በአንድ ጓዛቸውን ጠቀለሉ።
ቀለለ። ቀዘቀዘ። ባትሪው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ዘለቀ።
የቀኖቹንም ስም በእኛ በቡጊሶች ፊደል ጻፍሁበት፣
ዱሮ በዘንባባ ቅጠል ይጫር በነበረው።
ማክሰኞን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ማክሰኞ እንዲህ ያምራል ለካ።

ዋጋውን የነገረኝ ካሜራው ነው።
የዳኤንግ ንጋሌን ቀይ ዓሣ ባነሳው አመድ መሰለ፤
የቀለሙን ምሥጢር ሠሪው ይዞት ሄዷል።
አሻራዬን አያውቀውም፤ ጣቴ በገዛ ደጄ ባዕድ ሆነ።
ባንኩን ብከፍተው በቀይ ጽሑፍ፦
«ይህ መሣሪያ አይታመንም።»
ተሳፋሪ የሚያመጣልኝም መተግበሪያ ያንኑ ደገመ፤
በሩን ዘጋ።

ሌላ ሲያዝዝበት ታማኝ ነው ተባለ፤
እኔ ባዝዝበት ግን ሌባ ነው ተባለ።
«አይፈረድባቸውም» አለ ባሶ፣ ብየዳው ላይ እንዳቀረቀረ፤
«የከፈትሽው በር ለሌባም ክፍት ነው።»

ጭንብል አለበሰልኝ፣ ሥሩን የሚሸፍን።
ዘጠኝ ቀን ሠራ። በአሥረኛው ነቁብን፣
ሎሳሪ ዳርቻ፣ ተሳፋሪዬ የራስ ቁሩን እያጠለቀ ሳለ።
ሰውዬው ወረደ፤ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።
ነጻ የወጣ ነገር ውሎ ለመግባት መዋሸት ካለበት፣
ምኑ ላይ ነው ነጻነቱ?
ባሶን ጠየቅሁት። ብየዳውን ቀጠለ።

እንግዲህ ሁለት ባላ ተከልሁ።
ያገለገለ፣ ርካሽ፣ ቁልፉ ያልተነካ ስልክ ገዝቼ
እጀታው ላይ አሰርሁት፤ የኔውን ከደረት ኪሴ ከተትሁ።
ያኛው በየጠዋቱ «ተስማምተሻል?» ይለኛል፤
ሳላነብ እስማማለሁ። የዕለት ጉርሴ ነው።
የኪሴው ምንም አይጠይቀኝም፤
በእሱም በኩል ማንም አይጠራኝም።

ትናንት ማታ ግን ደረቴ ላይ ነዘረ፤ ባሶ ነው።
«አዲስ ስሪት ወጥቷል። የካሜራውን ቀለም አስተካክለዋል ይላሉ።
ገና አልተረጋጋም፤ ያለሽ ሁሉ እንደገና ይጠፋል።»

ቀዩ መብራት እስኪለቅ ሁለቱን ሰዓቶች አየሁ፤
በአንድ ደቂቃ ይለያያሉ።
ሞተሬን ወደ ዓሣ ገበያው አዞርሁ።
ገመዱ ከመቀመጫዬ ሥር ነው።