ያበጠ ጣሳ

ስልሳ በር አንኳኳሁ፤ ስልሳውም በፈገግታ
ሸኙኝ እስከ ሊፍቱ፣ በለሰለሰ ሰላምታ።
"ድንቅ ነው፤ እንነጋገር፤ ከበጋው በኋላ"፤
በጋው ሄደ፣ ብርዱ መጣ፣ ሰበብ ወለደ ሌላ።
እሺ ይበልጣል ከሺ፣ ይላል የሰው ተረት፤
የኔ እሺ ግን ሞልቷል፣ ሺው ነው የጎደለበት።

ስልሳ አንደኛው ደጅ ሊፍት አልነበረውም።

ከፖርቶ በሜትሮ ማቶዚኞሽ ወርጄ፣
ላፕቶፔን ከዝናብ በኮቴ ጋርጄ፣
ከሰርዲን ፋብሪካው ደጃፍ ደረስኩ ማልጄ።
ወይዘሮ ዙልሚራ፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፣
ዘይት የጠገበ ሽርጧ ካንገቷ፣
ከሠራተኞቿ እኩል፣ ጣሳ ስትጠቀልል ተቀምጣ፤
ቀና ብላ አየችኝ። "ያ የባንክ ሰው መጣ?"

"ባንክ አይደለሁም" አልኩ፤ "ፈንድ ነው የማቋቁም፤
ዛሬ ላልታወቁ፣ ነገ ግን..." አላስጨረሰችኝም።
"ተቀመጥ፤ ጠቅልል። ስናወራ እጅ አይቆምም።"

ጠቀለልኩ። ወረቀቱ ተቀደደ። ሌላ ሰጠችኝ።
ሃያ ሚሊዮን ዩሮ፣ አሥር ዓመት ዕድሜ፣
ሁለት በመቶ ለቢሮና ለድካሜ፣
ካተረፍኩ ከትርፉ አንድ አምስተኛው በስሜ፤
የገበያው ስፋት፣ ሽቅብ የሚወጣው መስመር፣
ኮረብታ የመሰለ፣ ቀይ የቀባሁት ቁጥር።

አንድ ጣሳ አነሳች። በጣቷ አንጓ መታችው።
ከሌላ ረድፍ ሌላ አነሳች። እሱንም መታችው።
"ያኛው ድምፁ ድፍን፣ የሞላ፣ የረጋ፤
ይኸኛው ይጮኻል፤ ነፋስ አድሮበታል ሌሊቱ እስኪነጋ።
ቆይቶ ያብጣል። ያበጠ ጣሳ ደግሞ ከሁሉ ያበራል፣
ከመደርደሪያው ላይ ዓይንን ቀድሞ ይጠራል።
የነገርከኝ ሁሉ ያበራል፣ ልጄ።
እስቲ ስለሞተው ንገረኝ።"

ከስላይዱ ውስጥ የለም። አርባ ሁለት ገጽ፤ እሱ የለም።
አፌ ደረቀ። ከዚያ ራሱ ወጣ፣ አላለዘብኩትም፦

"ዱሮ የሚባል ወንዝ አለ፣ ወይን የሚያፈራ ዳርቻው፤
የኔም ጥፋት እዚያ ነው፤ ዱሮ ሆኖ አልቀረልኝም፣ ብሸሸው ብሸሸው።
የአፈር ጥም የሚለካ መሣሪያ፣ ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት፤
የወዳጆቼን ገንዘብ ከራሴ ደባልቄ የሰጠሁት።
እየሰጠመ እንደሆነ በመጋቢት አወቅኩ።
ለባለገንዘቦቹ በሐምሌ ጻፍኩ።
አራት ወር። አራት ወር ሙሉ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ።
ገንዘቡንስ ይቅር ብለውኛል፤
የእህቴ ባል ግን ዛሬም ጨው አቀብለኝ ስለው ዓይኑን ያሸሻል።"

ዝም አለች። ሠላሳ ጣሳ ጠቀለለች፤ ቆጥሬያለሁ።

"ገንዘብ አልሰጥህም" አለች። "ጻፍልኝ ግን፣ በየሦስት ወሩ፣
ገንዘቤ ካንተ ዘንድ እንዳለ አድርገህ። ክፉው ከላይ ይሁን፣ ደጉ ከዳሩ።"

ያልተሰጠኝን ገንዘብ አደራ ተቀበልኩ።
አምስት ደብዳቤ ጻፍኩ።
በሁለተኛው፦ "ሸሪኬ ፊሎሜና ለቃ ሄደች፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"
በሦስተኛው፦ "የመረጥኩትን የባሕር ሣር ኩባንያ ትልቁ ደንበኛው ከዳው።"
አራተኛው ሁለት መስመር ነበር፦
"ምንም አልተሻሻለም።
ያበጠ ቁጥር ግን የለም።"
መልስ የለም። ለአንዱም።

አምስተኛው በሄደ በሳምንቱ፣
ካርቶን አወረደልኝ የጭነት መኪና ነጂ ከበረንዳው ፊት ለፊቱ።
ሃያ አራት ጣሳ ሰርዲን። ከሥሩ የተፈረመ ውል፣
ከጠየቅኳት ሲሶው። ከፊርማው ግርጌ፣ በእርሳስ የተጻፈ ቃል፦
"ኤቫሪስቶ፣ ደብዳቤህን መታሁት። ሰማሁት።"

ስልሳዎቹ ደወሉ፦ "እሷ ገብታለች አሉ፣ እውነት ነው?"
ፈንዱ ባሥራ አንድ ሚሊዮን ተዘጋ፤ የተመኘሁት ሃያ ነው።

ዛሬ የሩብ ዓመቱ ማብቂያ ነው፤ ሌሊት።
አንዱ ኩባንያ ታሟል ከማክሰኞ ወዲህ፤ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩት።
ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቴ አንጓ መታሁ፤
ቢሮው ውስጥ ማንም የለም። ጆሮዬን አዘንብዬ ሰማሁ።